በሰው እጅ ከማስጻፍ በራስ እጅ ወደ መጻፍ



በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር ያደግን ሁሉ ደብዳቤ የሚያስጽፉ እናቶችን እናውቃለን። ተማሪ ልጅ ይጠራል፤ እናት ትናገራለች፤ ልጁ ይጽፋል። ከሰላምታው በኋላ ግን ብዙ ነገር በሆዷ ይቀራል። የትዳሯን፣ የብድሯን፣ የሕመሟን ነገር በጎረቤት ልጅ እጅ እንዴት ታስጽፍ? በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠራቸው እናቶች ከዚህ ወጥተዋል። ዛሬ የምናነሣው ታሪክም የዚሁ ዘመድ ነው፦ ዓይነ ስውራን ከማስጻፍ ወደ መጻፍ እንዴት ደረሱ? ከመካከላቸውስ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩት ምን አበረከቱ?

ከራሳችን አገር እንጀምር። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ትምህርት የሚሰጠው በቃል ነው። ተማሪው ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ለየኔታ ይነግራል፤ ይታረማል። ለዚህ ጆሮና ጥሩ ትዝታ ይበቃል። ስለዚህ ማየት የማይችል ተማሪ ከጓደኞቹ እኩል ተምሮ መምህር እስከ መሆን ይደርስ ነበር። ሴት ልጅ ጉባኤ መግባቷ ብርቅ በነበረበት ዘመን ደግሞ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ከቅኔ መምህር አባታቸው ተምረው፣ እሳቸውም ወንዶቹን ተማሪዎች ቅኔ አስተምረዋል። ሆኖም በቃል የተነገረ ቅኔ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው የሚያይ ሰው ሲጽፈው ነው። ካልተጻፈ እዚያው ተሰምቶ እዚያው ይቀራል።

ከእኛ የሚወርደው አባይ በሚያጠጣት ግብፅም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ጣሃ ሁሴን እ.ኤ.አ. በ1889 በገጠር ተወለደ። ሕፃን ሳለ ዓይኑን ቢያመው በመንደር ሕክምና ጭራሽ ብርሃኑን አጣ። ቁርዓንን በቃሉ አጥንቶ ወደ አል አዝሃር ገባ፤ በኋላም ልብወለዶችና የታወቀውን የሕይወት ታሪኩን አወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952 የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። ይህን ያህል ታላቅ ጸሐፊ ሆኖ እንኳ መጻሕፍቱን የሚጽፍለት ሌላ ሰው ነበር፤ እሱ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል።

በራስ እጅ የመጻፍ ፍላጎት ግን ቀደም ብሎ የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 አካባቢ ፔሌግሪኖ ቱሪ የተባለ ጣሊያናዊ ካሮሊና ፋንቶኒ ለተባለች ዓይነ ስውር ወይዘሮ የጽሕፈት መኪና ሠራላት። ከመጀመሪያዎቹ የጽሕፈት መኪናዎች አንዱ ነው። መኪናው ጠፍቷል፤ ራሷ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ግን እስከ ዛሬ አሉ። በ1824 ደግሞ የ15 ዓመቱ ዓይነ ስውር ፈረንሳዊ ሉዊ ብሬል በስድስት ነጥብ የሚጻፈውንና በጣት የሚነበበውን ፊደል ፈጠረ። ከእሱ በፊት የሚያዩ ሰዎች ለዓይነ ስውራን ያዘጋጁት መጽሐፍ ተራውን ፊደል አጉልቶ ያሳተመ ነበር፤ ለዓይን ያምራል፣ ለጣት ግን አስቸጋሪ ነው። ነጥቡ ለጣት እንደሚሻል ያረጋገጠው በጣቱ የሚያነብ ልጅ ነው።

በኮምፒውተር ዘመንም የሆነው ይኸው ነው። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም የተጻፈውን በድምፅ ያነባል፤ ጸሐፊዋ ፊደል በፊደል፣ መስመር በመስመር እያዳመጠች ታርማለች። ጃፓናዊቷ ቺዬኮ አሳካዋ በ11 ዓመቷ በመዋኛ ገንዳ ተጎድታ በ14 ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆነች። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከተማረች በኋላ ወደ ፕሮግራም ሥራ ዞረች። በአይቢኤም ኩባንያ ውስጥ ሆና የሠራችው የኢንተርኔት ገጽን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ቀረበ። ጃውስ የተባለው የታወቀ ስክሪን ሪደርም የሙሉ ሥራ ፈቃዱ ወደ አንድ ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። ማይክል ኩራንና ጄሚ ቴ የተባሉ ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን ፕሮግራመሮች ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረውን ኤንቪዲኤን ሠርተው ለዓለም በነፃ ሰጡ።

ፕሮግራም መሥራትና ልብወለድ መጻፍ የተራራቁ ይመስላሉ። ለዓይነ ስውር ግን የሚጠይቁት ነፃነት አንድ ነው። እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች አንዲት ዜሮ ተዘንግታ ድምሩ አልገጥም ሲል መዝገቡን ከላይ እስከ ታች እንደምንለቅመው ሁሉ፣ ፕሮግራመሯም የተረሳች አንዲት ቅንፍ ፍለጋ መስመሮቹን ደጋግማ ታዳምጣለች። ልብወለድ ጸሐፊዋም ያልጣማትን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ትሰርዛለች። እየተናገሩ ማስጻፍ ለዚህ አይመችም፤ የሚጽፈው ይሰለቻል፣ የምትናገረውም ታፍራለች። ሆድ ውስጥ የቀረውን ነገር ማውጣት የሚቻለው ብቻን ሆኖ ሲጽፉ ነው።

በአገራችንም ዓይነ ስውሩ ባለሙያ አቶ ታምሩ በላይ ለዓይነ ስውራን የኮምፒውተር ሥልጠና የሚሰጥ ማዕከል አዲስ አበባ ላይ አቋቁመዋል። ነገር ግን አማርኛችን የራሱ ፈተና አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና»ም ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ግን ያልደረሰ ነገር ነው። እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እንረዳለን፤ መሣሪያው ግን እንዲያውቅ የሚያስተምረው ይፈልጋል። ስሕተቱን ቀድሞ የሚሰማውም ቀኑን ሙሉ በጆሮው የሚያነብ ሰው ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ከዓይነ ስውራን ልጆቻችን የሚወጡ ፕሮግራመሮችን ይጠብቃል።

እህቶቻችን፣ እነዚያ ልጆች የት አሉ? ጥቂቶቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ አንዳንዶቹ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ በየገጠሩ ጓዳ ተቀምጠዋል። በቀበሌያችን እንዲህ ያለች ልጅ ካለች ወላጆቿን እናነጋግር፣ ለምዝገባም አብረናቸው እንሂድ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ቶክባክ የሚባል በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ተጭኖ ይመጣል፤ ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ተከፍቶ ለልጅቷ ማሳየት ይቻላል። የእማሆይ ገላነሽ አባት «ሴት ናት፣ ዓይነ ስውርም ናት» ብለው ከትምህርቱ አላስቀሯቸውም። ያኔ መጻፊያው መሣሪያ አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ።