ሽንት መለካት ለምን? ስለ ኩላሊት ለነርስ ተማሪዎች

ለነርስ ተማሪዎች ስለ ኩላሊትና የሽንት አካላት የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሥዕልና በስያሜ ነው፡፡ እኔ ግን ከሽንት መጠን መጀመሩን እመርጣለሁ፡፡ ኩላሊት መድከሙን ቀድመው ከሚናገሩት ምልክቶች አንዱ የሽንት መቀነስ ሲሆን፣ ለክቶ የሚመዘግበውም ነርስ ነውና፡፡

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ይፋግን ለምሳሌ እንውሰድ፡፡ በ1997 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ የካላዛር ወረርሽኝ ተከስቶ ወደ ፎገራም ተዛምቷል፡፡ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር፡፡ ለካላዛር ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው፡፡ አምፎተሪሲን ቢ እና ፓሮሞማይሲን ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፡፡ እናም ክትትል ከሌለ ሕመምተኛው ከካላዛሩ እየዳነ በኩላሊቱ ሊታመም ይችላል፡፡

አሠራሩ እንዴት ነው?

ሁለቱ ኩላሊቶች ከወገብ በላይ፣ በጀርባ በኩል ይገኛሉ፡፡ ቀኙ በጉበት ምክንያት ጥቂት ዝቅ ይላል፡፡ እያንዳንዳቸው ኔፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሏቸው፡፡ ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ኩላሊት ይሄዳል፡፡ በቀን የሚጣራው ፈሳሽ 180 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 99 በመቶው ወደ ደም ይመለሳል፡፡ የቀረው ከ1 እስከ 2 ሊትር በሁለት ቱቦዎች ወደ ፊኛ ወርዶ ሽንት ሆኖ ይወጣል፡፡ ከፊኛ ወደ ውጭ የሚወስደው ቱቦ በሴቶች 4፣ በወንዶች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፡፡ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በሴቶች ላይ የሚበዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፡፡

ኩላሊት ከማጣራት ሌላ የደም ግፊትን ይቆጣጠራል፣ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዝ ሆርሞን ያመነጫል፣ ቫይታሚን ዲን ለሥራ ያዘጋጃል፡፡ የኩላሊት ሕመምተኛ ደም የሚያንሰውም ለዚህ ነው፡፡

ሽንት ለምን ይቀንሳል?

ምክንያቶቹን በሦስት መክፈል ይቻላል፡፡ አንደኛው ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ማነስ ነው፤ ተቅማጥ፣ ትውከትና በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደም ያመጡታል፡፡ ሁለተኛው የራሱ የኩላሊቱ ጉዳት ሲሆን፣ ከላይ የጠቀስናቸው መድኃኒቶች እዚህ ይመደባሉ፡፡ ሦስተኛው የመውጫው መዘጋት ነው፤ ጠጠር፣ ያበጠ ፕሮስቴት ወይም የታጠፈ ካቴተር ሊሆን ይችላል፡፡

ሽንት ደም ሲቀላቅል ደግሞ መጽሐፉ ቢልሃርዝያን ያስታውሳል፡፡ በጣና ዙሪያ የሚታወቀው ግን የአንጀት ቢልሃርዝያ ነው፡፡ ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት የሚታወቀው በአዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነው፡፡ ስለዚህ ይፋግ ላይ አስቀድሞ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል፡፡

የነርስ ድርሻ

ልኬቱ ቀላል ነው፡፡ አዋቂ ሰው በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት፡፡ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፡፡ ለሁለት ተከታታይ ሰዓታት ከዚህ ካነሰ፣ ካቴተሩ አለመታጠፉንና አለመዘጋቱን አይቶ ለሐኪም ማሳወቅ ይገባል፡፡ ለስድስት ሰዓት ከቀጠለ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይባላል፡፡ የክሪያቲኒን ምርመራ ውጤትን ብቻ መጠበቅ አያዋጣም፤ ማጣራቱ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ውጤቱ ጤናማ ሊመስል ይችላልና፡፡

ካቴተር ለሌለው ሕመምተኛ ዋናው ሰው አስታማሚው ነው፡፡ ፖፖውን ሳይለካ እንዳይደፋ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፡፡ የሚጠጣውና በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽም አብሮ ይመዝገብ፡፡

በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተከናውኗል፡፡ ነገር ግን ለንቅለ ተከላ ለጋሽ፣ ለኩላሊት እጥበትም በየሳምንቱ ገንዘብና መንገድ ያስፈልጋል፡፡ መስመር የተሰመረበት መለኪያ፣ ሰዓትና እስክሪብቶ ግን በየጤና ጣቢያው አይጠፉም፡፡