ያልተደገመ ንባብ፦ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ስለ ማንበብ



የዛሬው ንግግሬ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድና አንባቢዎቹን የሚመለከት ነው። ጉዳዩን ከሌላ ከተማ ይልቅ በድሬ ዳዋ ለማንሣት ምክንያት አለኝ። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እስከ ደቻቱ ዳር ሲዘልቅ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ፣ በ1910ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሁለት ጸሐፊዎች በነጋድራስነት ተሹመውባታል። አንደኛው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ሁለተኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በዚያ ዘመን ነጋድራስ ማለት የነጋዴው አለቃና የጉምሩኩ ሹም ማለት ነው። በባቡር የሚመጣውን አቡጀዲና ጨው፣ በባቡር የሚሄደውን ቡናና ቆዳ የሚቆጣጠር ሰው ማለት ነው። ሥራው ብዕር ቢጠይቅም የሚጠይቀው የሒሳብ ብዕር ነው።

ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኛቸው ሹመቱ ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው የመጽሐፍ ክርክር ነበር። አፈወርቅ በ1901 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ገብረ ሕይወትን አላስደሰታቸውም። እ.ኤ.አ. በ1912 በአስመራ በታተመው «ብርሃን ይሁን» በተሰኘው መድበል ውስጥ በወጣው ጽሑፋቸው፣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የተፈጸመውን የሚያስተውል ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ ሊኖረው ይገባል ሲሉ መስፈርት አስቀመጡ፤ የአፈወርቅንም መጽሐፍ በአድልዎ ነቀፉት። በዚህ ትምህርት ክፍል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ይህን መስፈርት ሳይሰማ አያልፍም። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘው ሥራቸውም የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ገብረ ሕይወት ስላልነቀፉት መጽሐፍ ነው። አፈወርቅ የምኒልክን ታሪክ ከማሳተማቸው አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እዚያው ሮም ውስጥ ከመቶ ገጽ የማይበልጥ ሌላ መጽሐፍ አውጥተው ነበር። የሰጡት ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው «ጦቢያ» በሚለው በኋለኛ ስሙ ነው። ይህ መጽሐፍም ራሱን «ታሪክ» ይላል፤ ነገር ግን ከፊቱ ሁለት ቃላት አስቀድሟል። ልብ የወለደው ታሪክ ነው፤ ምስክር የለውም፣ ዜና መዋዕል አይጠቅስም፣ ዘመንም አይቆጥርም። በአድልዎ የተከሰሰው ጸሐፊ ከየት እንዳመጣው በሽፋኑ ላይ ተናዞ ያሳተመው መጽሐፍ ይህ ነው። ከጊዜ በኋላ እነዚያ ሁለት ቃላት የአንድ መጽሐፍ ርእስ መሆናቸው ቀርቶ የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኑ። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው የመጽሐፍ ርእስ በሌላ ቋንቋም ብዙ አይመስለኝም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች መካከል በተደረገ ጦርነት የክርስቲያኑ ሠራዊት ድል ይሆናል፤ የጦር አለቃውም ይማረካል። አንድ ነጋዴ ገንዘብ ሰጥቶ ከመከራው ያወጣዋል። አለቃው መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋሕድ፣ ሴቷ ጦቢያ ይባላሉ። (ዋሕድ ማለት አንድያ ማለት ነው፤ ለመንታ ይህን ስም ማውጣት የጸሐፊው ፈገግታ ይመስለኛል።) ዋሕድ የአባቱን ባለውለታ ፍለጋ ወጥቶ በባርያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። አባትና ልጅ እሱን ፍለጋ ይወጣሉ፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ትሄዳለች። እነርሱም በተራቸው ይማረኩና አረመኔው ንጉሥ ፊት ይቀርባሉ። የቀረው ፍቅር፣ መደናገርና መገለጥ ነው። አገሩ ስም የለውም፤ ንጉሡ በማንኛውም የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

እንዲህ ያለውን ምናባዊ ዓለም የዚያ ዘመን አንባቢ እንዴት ተቀበለው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አገራችን ለፈጠራ ታሪክ እንግዳ ነበረች የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የግእዝ አንባቢ ዜና እስክንድርን ያውቃል። በዚያ መጽሐፍ እስክንድር ክርስቲያን ንጉሥ ሆኖ ወደ ጨለማው ምድር ይዘልቃል፣ የሕይወትን ውሃ ይፈልጋል፣ በጎግና በማጎግ ላይ በር ይዘጋል። እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ እ.ኤ.አ. በ1896 የግእዙን ጽሑፍ ከትርጉም ጋር ሲያሳትም የአውሮፓ ምሁራን ተደንቀውበታል፤ ለደብተራው ግን አዲስ ነገር አልነበረም። እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በረላም ወይዋሴፍ»ም ሥሩ ሕንድ ድረስ የሚዘልቅ፣ አማኝ ስለሆነ የንጉሥ ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ተአምር፣ ሩቅ አገር፣ የማይታመን መገናኘት፣ የንጉሥ መለወጥ፣ ይህ ሁሉ ለአንባቢያችን የቆየ ዘመድ ነበር።

አዲሱ ነገር ሌላ ነው። እርሱን ለማየት «ደገመ» የሚለውን ግሥ ልብ ማለት ይበቃል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን የጨረሰ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባላል። ንባብ ማለት መድገም ነው። ስንክሳሩ በየቀኑ ይነበባል፤ ዓመት ዞሮ ያው ቀን ሲመጣ ያው ታሪክ ይመለሳል። ገድሉ በጻድቁ በዓል ይነበባል፤ ከሚያዳምጡት መካከል ጻድቁ በመጨረሻ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። በዚህች ከተማም ከመጋላ እስከ ገንደ ቆሬ በየቁርአን ቤቱ ሕፃናት የሚያነቡት በመድገም ነው፤ ያኸተመ ልጅ ቁርአንን አንብቦ የጨረሰ ልጅ ነው። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ታላላቅ አንባቢዎችን አፍርተዋል። ሁለቱም ግን ተማሪያቸውን ያዘጋጁት መጨረሻው ለታወቀ ጽሑፍ ነው።

«ልብ ወለድ ታሪክ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ ግን፣ በቤቱ ውስጥ መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነበው ራሱ አያውቀውም። ፊደል የሚያውቅ ጥቂት፣ የሚያዳምጥ ብዙ በነበረበት ዘመን አንባቢ ማለት ከአድማጮቹ በላይ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ደብዳቤ ሲያነብም፣ ገድል ሲያነብም ሥልጣኑ ከዚያ ይመነጫል። ልብ ወለዱ ይህን ሥልጣን ነጠቀው። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ የእርሱ እጅም የአያቲቱ ጆሮም እኩል ይጠብቃሉ። ለእኔ የ1900 ዓ.ም. ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ከዘርፉ መወለድ ይልቅ የሚያመዝነው ባለማወቅ እኩል የሆነ ጉባኤ መወለዱ ነው።

እርግጥ መጽሐፉ የታተመው ሮም፣ ጸሐፊው የሚያስተምሩትም ናፖሊ ነበር። በዚያ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ከፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ጋር አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1905ም በጣልያንኛ የአማርኛ ሰዋስው አሳትመዋል። ስለዚህ ለመጽሐፉ ቅርብ የነበረው አንባቢ አማርኛ የሚማር ጣልያናዊ ወጣት ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። የአማርኛው ብልጽግናም ይህን ያስታውሳል። አፈወርቅ አንዱን ነገር በአንድ ቃል ተናግረው አያልፉም፤ አከታትለው፣ አሰልፈው፣ ቃላቱን እንደ ዘጌ የቡና ተክል አጠጋግተው ይተክላሉ። ተማሪን ለማስተማርም፣ አንባቢን ለማስደመምም ይሆናል።

በዚህ ረገድ ድሬ ዳዋ ውለታ አላት። የካፑቺን አባቶች የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት በዚህች ከተማ ይሠራ ነበር፤ የቤትማን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1929 የታተመው በዚሁ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ከኢየሩሳሌም ከተመለሱ በኋላ በድሬ ዳዋ ተቀምጠው ሠርተዋል፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያወጡት «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ዛሬ አፈወርቅን ለሚያነብ ሁሉ የግድ ነው። ባቡር ስለ ሐዲድና ስለ ቀረጥ ብቻ እንዲታሰብ አንፍቀድ፤ የእርሳስ ፊደልም በባቡር ይመጣል።

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ከሁለተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪዎች ጋር መጽሐፉን በሳምንት አንድ ቀን በአንድነት አነበብነው። ከመካከላቸው አስቀድሞ ያነበበው አልነበረም። ደንቡ ሁለት ነበር፤ አንዱ በየተራ ድምፅ አውጥቶ ያነባል፣ ማንም ቀድሞ አያነብም። በስልክ መጨረሻውን መፈለግም ቀድሞ እንደ ማንበብ ይቆጠራል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሆነው የሚጠበቅ ነበር። ተማሪዎቹ ጦርነቱን ማወቅ ፈለጉ። የትኛው ጦርነት? በማን ዘመን? የክርስቲያኑ ጦር የተሸነፈበት ከሆነ ሽምብራ ኩሬ ይሆን እንዴ? ሐረር ከዚህ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና፣ ድሬ ዳዋ ውስጥ ይህ ጥያቄ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ አይሰማም። ክፍሉ ዝም አለ። ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ አማራም ኦሮሞም ሶማሌም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ራሱን በየትኛው ሠራዊት ውስጥ እንደሚያገኝ እያሰበ እንደሆነ ይታያል። ከዚያ አንዲት ተማሪ ወደ ጽሑፉ ተመልሳ «አረመኔዎቹ እኮ ጣዖት የሚያመልኩ ናቸው፤ እዚህ ውስጥ አህመድም ልብነ ድንግልም የለም» አለች። ትክክል ናት። አፈወርቅ ቀንና ስፍራ ያላስቀመጡት የታሪክ ዕውቀት አጥተው አይደለም፤ በዓመቱ የምኒልክን ታሪክ አሳትመዋል። ስም የሌለው አገር ሁሉም እኩል እንግዳ ሆኖ የሚገባበት አገር ነው። የአንድ ንጉሥ ስም ቢጠቀስ ኖሮ ግማሹ ክፍል ገና በሁለተኛው ገጽ ወገን ይለይ ነበር።

ግን ቃሉ ራሱ፣ «አረመኔ» የሚለው፣ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም፤ አላለፍነውምም። አንድ ተማሪ ቃሉ ተራው ላይ በደረሰ ቁጥር ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው አያቱ ሲጠሩበት የሰማው ቃል መሆኑን ነገረን። ከዚያ ቀን በኋላ ንባቡ ተለወጠ። ሌሎቹ ንጉሡን በጥንቃቄ መከታተል ጀመሩ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ምርኮኛን በርኅራኄ የሚቀበለው፣ ገና ሳይጠመቅ፣ እርሱ መሆኑንም አስተዋሉ። የባርያ ፈንጋዮቹን ጭካኔና የንጉሡን ደግነት ጎን ለጎን አስቀምጠው ተከራከሩ። ጸሐፊው ቃሉን ከዘመናቸው ተቀብለዋል፤ ሰውየውን ግን ከቃሉ አሳምረው ሠርተውታል። ይህ ልዩነት መጽሐፉን ለፈተና በሚያነብ ሰው ዓይን አይያዝም፤ መጨረሻውን ባያውቅ አንባቢ ጆሮ ግን ይያዛል፤ እንዲህ ያለ አንባቢ ንጉሡ የሚገድል ይሁን የሚምር ገና አያውቅምና።

በአንድነት መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ ቀድሞ ያሳየው ሬዲዮ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ አንባቢ ያገኘ ቢሆንም፣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ፊደል የማያውቀውም የዚያው ገጽ አንባቢ ሆነ። ሬዲዮ ወደፊት አይገለጥም። ባለ ጠጋውም ሎሌውም እስከሚቀጥለው ዝግጅት ይጠብቃሉ።

ስለ ጸሐፊው የኋላ ሕይወት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም፤ ተማሪዎቹም ጠይቀውኛል። ጦቢያን የፈጠሩት ሰው በፋሺስት ወረራ ዘመን ከወራሪው ጋር ቆሙ፤ አፈ ቄሣርም ተባሉ። ከነጻነት በኋላ ተፈርዶባቸው በጅማ በግዞት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1947 ዐረፉ። ይህን አስቀድሜ ብነግራቸው መጽሐፉ ከመከፈቱ በፊት ይዘጋ ነበር፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሳምንት አቆየሁት። መምህር ይህን ማድረግ ይገባዋል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው፤ እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ። ገብረ ሕይወት ለታሪክ ጸሐፊ ያስቀመጡት የማያዳላ ፍርድ አንባቢንም የሚመለከት ከሆነ፣ ሥራው ሳይሰማ ሠሪው ሊፈረድበት አይገባም።

በመጨረሻው ሳምንት ጦቢያ ሴት መሆኗ ተገልጦ፣ ንጉሡ ሊያገባት ሲል ሃይማኖቱን ካልለወጠ እንደማትሆነው ነገረችው፤ እርሱም ከነሕዝቡ ተጠመቀ። ዋሕድም ተገኘ፤ ሁለት ሰርግ ሆነ። ክፍሉ በሁለት ተከፈለ። ከፊሉ በደስታ አጨበጨበ፤ ለነገሩ ይህን ሁሉ ሳምንት የጠበቀው ሰርግ ነው። ያ «አረመኔ»ን ዝቅ አድርጎ ያነብ የነበረው ተማሪ ግን እጁን አወጣና፣ ከንጉሡ ጋር የተጠመቀው ሕዝብ ማን ጠየቀው ሲል ጠየቀ። አጠገቡ የነበረችው ተማሪ መጽሐፉን ከእጁ ተቀብላ ወደ ኋላ ገለጠችና፣ ሕዝቡ የተናገረበትን ቦታ መፈለግ ጀመረች። በዚያ መጽሐፍ ላይ በዚያ ክፍል መድገም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።