ውርስና ርስት፤ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ቃል

«ወረሰ» ከተባለው የግእዝ ግስ ሁለት ስሞች ወጥተው በአማርኛ ይኖራሉ። አንደኛው «ውርስ» ነው፤ አወጣጡ ለማንም ግልጽ ነው። ሁለተኛው «ርስት» ሲሆን፣ «ወለደ» ብሎ «ልደት»፣ «ወረደ» ብሎ «ርደት» እንደሚል ሁሉ የመነሻውን «ወ» ጥሎ የወጣ ነው። ወንድማማቾቹ ቃላት ግን በትርጉም ተለያይተዋል። በኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ አንድ መደብ፣ ማለትም የአንድ ዐይነት ነገሮች ንድፍ፣ የሌላውን መደብ ጠባይና ተግባር ይዞ የሚወጣበትን ሥርዓት በአማርኛ ለመጥራት ሲፈለግ መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው «ውርስ» ነው። ሥርዓቱን በቅርብ ስንመለከተው ግን የሚመስለው ሁለተኛውን ወንድም ነው።

ሐሳቡ የተወለደው በኖርዌይ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ እ.ኤ.አ. በ1967 በኦስሎ ሲሙላ 67 የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲያወጡ የተጠቀሙት ከሰዋስው የተወሰደ ቃል ነበር፤ ወላጁን መደብ «ባዕድ መነሻ» እንደምንለው ያለ፣ በልጁ ፊት የሚቀጠል ነገር አድርገው ቈጠሩት። በአሜሪካ የዜሮክስ ኩባንያ ተመራማሪዎች በእነ አለን ኬይ መሪነት ያወጡት ስሞልቶክ እ.ኤ.አ. በ1976 በተዘጋጀው መልኩ ልጁ ወላጁን «ሱፐር» ብሎ እንዲጠራ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራውን የጀመረው የሲ ፕላስ ፕላስ ደራሲ ቢያርን ስትሮውስትሩፕ ደግሞ የትኛው የበላይ፣ የትኛው የበታች እንደሆነ ሰው ያደናግራል ብሎ «መሠረት» እና «ተወላጅ» ማለትን መረጠ። በባለቤቶቹም ቋንቋ ቃሉ አንድ ሆኖ አልጸናም ማለት ነው።

ለእኛ ዋናው ጕዳይ ቅደም ተከተሉ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያሉትን አራዊት የሚመዘግብ ፕሮግራም ይጻፍ እንበል። «እንስሳ» የተባለው መደብ ዕድሜንና ጾታን ይይዛል፤ «ዋልያ» ልጁ ሆኖ የቀንድን ርዝመት ይጨምራል። አንድ ዋልያ በፕሮግራሙ ውስጥ ሲፈጠር የወላጁ ማሰናጃ ሥርዓት አስቀድሞ ይፈጸማል፤ ዕድሜና ጾታ ሳይሞላ ወደ ቀንዱ አይታለፍም። ጥሪው ከልጅ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ አያት ይወጣል፤ ሥራው ግን ከአያት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። በጃቫ ልጁ ወላጁን በግልጽ ባይጠራ ተርጓሚው ፕሮግራም ጥሪውን በራሱ ይጨምርለታል፤ ወላጁ ያለ ግብዓት የማይሰናዳ ከሆነ ግን የተጻፈውን አይቀበልም። ወላጅን ዘሎ አያትን መጥራትም አይቻልም።

ከዳባትና ከደባርቅ እስከ አምባራስ ባለው አገር እስከ 1967 ዓ.ም. የነበረውን የርስት ሥርዓት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። ባለርስት ለመሆን መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ትውልድ መቍጠር ያስፈልግ ነበር። ተሟጋቹ ከራሱ ተነሥቶ ወደ ላይ ይቈጥራል፤ መብቱ ግን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በመካከል አንድ ስም ከጐደለ ሐረጉ ተበጠሰ። አቅኚው ከሞተ ብዙ ዘመን ቢያልፍም መሬቱ በስሙ ይጠራል፤ አንዱ ተወላጅ ድርሻውን ስለ ያዘ የሌላው መብት አይቀርም። በአባትም በእናትም መቍጠር ስለሚቻል አንድ ሰው በብዙ አቅኚዎች ስም ድርሻ ይጠይቅ ነበር፤ ይህም ሲ ፕላስ ፕላስ የፈቀደው፣ ጃቫ ለመደቦች የከለከለው የብዙ ወላጆች ሥርዓት ነው።

«ውርስ» በአንጻሩ ሞትን ይጠብቃል፤ ንብረቱም ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። በፕሮግራም ግን ወላጁ መደብ አይሞትም፤ አንዳችም አይጐድልበትም። ከዚህ የሚብሰው ግሱ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወሰዱ ወዲህ «ተወረሰ» ሲባል መነጠቅ የማይታወሰው ሽማግሌ ጥቂት ነው። (የሲሙላው 67 እና የአዋጁ 67 በቍጥር ቢመሳሰሉም በዘመን ስምንት ዓመት ይራራቃሉ።) «መደብ» የሚለውም በ«መደብ ትግል» የታወቀ ቃል በመሆኑ፣ «መደቡ ተወረሰ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ የዚያን ዘመን መግለጫ ይመስላል።

ታዲያ «ርስት» እንበል? ይህ ጸሐፊ አይመክርም። ርስት የተከለከሉም ነበሩና። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይዝ አዘዘ የሚለው ትውፊት በወገራና በሰሜን ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤል ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ቃሉን ለአዲስ ሥራ ማዋል ይህንንም ሸክም አብሮ መጫን ነው።

ስለሆነም ለሥርዓቱ «ውርስ» ይቈይ፤ ግሱ ግን በተደራጊ መልክ አይነገር። «ዋልያ ከእንስሳ ይወርሳል» ይባል እንጂ «እንስሳ በዋልያ ተወረሰ» አይባል። ለማሰናጃው ሥርዓት «አቅኚ» የሚለውን እናቀርባለን። «ገንቢ» ቢባል ግንበኛ ይታሰባል፤ «አቀና» ከሚለው ግስ የወጣው «አቅኚ» ግን ባዶውን ቦታ ለኑሮ የሚያሰናዳውንና ከተወላጆቹ ሁሉ የሚቀድመውን ያመለክታል። «የዋልያ አቅኚ አስቀድሞ የወላጁን አቅኚ ይጠራል» ብሎ የሚያስተምር መምህር ቅደም ተከተሉን ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ መፈለግ አይኖርበትም።