በሆስፒታሉ ደጅ የጠበቁ

የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ሲነገር በመጀመሪያ የሚነሣው የሐኪሙ ስም ነው፤ ቀጥሎም የበሽተኛው። ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ግን አንድ ቀን ባለቤትዎን ለዚህ ሕክምና የሚያዘጋጁ ቢሆኑ የሚቆሙበት ስፍራ ከሁለቱም የተለየ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህንኑ ታሪክ በዚያ ስፍራ ከቆሙት ሰዎች በኩል እንመለከተዋለን።

ልብ ሥራውን ባቆመ ጊዜ ደሙን ከሰውነት ውጭ እያዘዋወረ አየር የሚሰጠው መሣሪያ በሰው ላይ መጀመሪያ የተሳካለት በ1945 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ከተማ፣ በዶክተር ጆን ጊበን እጅ ነው። መሣሪያው ገና ሙከራ ሳለ ከዓመታት በፊት በቦስተን ከዶክተሩ ጋር በቤተ ሙከራው ውስጥ የደከሙት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሜሪ እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህን በማለፍ ወደ ኬፕ ታውን እንሂድ።

ሚስተር ሉዊስ ዋሽካንስኪ በሊትዌንያ ተወልደው በደቡብ አፍሪካ ያደጉ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በምሥራቅ አፍሪካ፣ በሰሜን አፍሪካና በኢጣልያ ዘምተዋል። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የስኳር በሽታና ተደጋጋሚ የልብ ድካም አዳክሟቸው በግሩት ስኹር ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐኪሙ ክርስቲያን ባርናርድ የሌላ ሰው ልብ ሊተኩላቸው እንደሚችሉ ሲነግሯቸው በሽተኛው ሳያመነቱ ተስማሙ። ሞት ደጃፉ ላይ ለቆመ ሰው ውሳኔው አስቸጋሪ አይደለምና፤ አስቸጋሪነቱ ለወይዘሮ አን ነበር።

ዶክተር ባርናርድ ለባልና ሚስቱ የተናገሩት ተስፋ ከመቶ 80 እጅ የሚል ነበር። ከዚያ ቀን በፊት በዓለም ላይ ከሰው ወደ ሰው የተዛወረ ልብ አልነበረምና ይህ ቁጥር የሚያሳስት እንደ ነበረ በኋላ ብዙዎች ነቅፈውታል። ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ በሕይወት መነሣትና በሕይወት መቆየት አንድ ነገር አይደለም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች አንድ የሒሳብ መግለጫ ሲቀርብልን ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ሳንጠይቅ ፊርማችንን አናኖርም፤ ነጭ ካባ በለበሰ ሰው ፊት ስንቆም ግን ይህ ልማዳችን ይጠፋናል። ባለቤትዎ በደከመበት ሰዓት ይህን ጥያቄ ሊያቀርብ የሚችለው እርስዎ ነዎትና፣ ሐኪሙን «ይህ ተስፋ ለስንት ጊዜ ነው? ከዚያስ በኋላ ምን ይጠብቀናል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይባልም።

ቅዳሜ ኅዳር 22 ቀን 1960 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አን ባላቸውን ጠይቀው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በመንገድ ላይ አደጋ ደርሶ ሰው ተሰብስቦ አዩና አለፉ። በዚያ ስፍራ አንዲት እናትና የ25 ዓመት ልጇ ዴኒዝ ዳርቫል ኬክ ገዝተው መንገድ ሲሻገሩ መኪና ገጭቷቸው ነበር። እናቲቱ ወዲያው ሞተች፤ ዴኒዝ ግን ወደ ሆስፒታል ተወሰደች፤ አንጎሏም ተስፋ አልነበረውም። ወይዘሮ አን በመኪና መስኮት ያዩት ሐዘን ባላቸውን የሚያቆየው እንደ ሆነ ከቶ አላወቁም።

አሁን ሌላውን ባል እናስብ። ሚስተር ኤድዋርድ ዳርቫል በአንድ ከሰዓት በኋላ ሚስታቸውን አጥተዋል፤ ልጃቸውም ልትድን እንደማትችል ተነግሯቸዋል። ሐኪሞቹ የልጅቷን ልብ ለሌላ በሽተኛ እንዲሰጡ ጠየቋቸው። ልጃቸው የሠራችላቸውን የልደት ኬክና በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችላቸውን የቤት ካባ አስታውሰው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፈቀዱ። በእኔ ግምት በዚያች ሌሊት ከባዱን ሥራ የሠሩት እርሳቸው ናቸው።

ኅዳር 23 ቀን ንጋት ላይ ልቡ በአዲሱ ደረት ውስጥ መታ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ይበሉ፤ ሰውነት ባዕድ የሆነውን ልብ እንዳይቃወም የሚሰጠው መድኃኒት በሽታን የመከላከል ኃይልንም ያዳክማል። በሳንባቸው ላይ የታየውን ለውጥ ሐኪሞቹ ሰውነታቸው ልቡን የተቃወመ መስሏቸው መድኃኒቱን ጨመሩ፤ እርሱ ግን የሳንባ ምች ነበር። ሚስተር ዋሽካንስኪ በ18ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 11፣ ዐረፉ። የዴኒዝ ልብ እስከ መጨረሻው ሥራውን አላጓደለም ነበር።

ታኅሣሥ 23 ቀን በዚያው ሆስፒታል የጥርስ ሐኪሙ ፊሊፕ ብሌይበርግ ተራ ደረሰ። የዋሽካንስኪ ሞት በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ታትሞ ነበርና ባለቤታቸው ወይዘሮ አይሊን የሚጠብቃቸውን ከወይዘሮ አን ይልቅ አጥርተው ያውቁ ነበር። ልቡም የተገኘው የዚያ አገር የዘር ሕግ «ክልስ» ብሎ ከነጮች ከለየው ከ24 ዓመት ወጣት ነው፤ በሕይወት ሳለ ከነጮቹ ጋር በአንድ ሰፈር እንዳይኖር ሕጉ ይከለክለው ነበር። ብሌይበርግ ግን በዚያ ልብ 19 ወራት ኖሩ፤ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ በባሕር ዳርቻም ሲዋኙ ፎቶግራፍ ተነሡ።