የሙቀቱ ሂሳብ፦ የጀርመን ተከራዮች የሃምሳ ዓመት ሙግት

ጀርመን ውስጥ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ በኪራይ ቤት ነው የሚኖረው። በፍራንክፈርትና በበርሊን የሚኖሩ ብዙ ሐበሾችም ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። አከራይ ግድግዳውን ሙቀት በሚይዝ ሽፋን ቢያለብስ፣ መስኮቱን ቢቀይር፣ ወጪውን ማን ይቻል? የሕጉ መልስ የተጻፈው በ1974 ነው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አከራዩ ለማሻሻያ ካወጣው 14 በመቶውን በዓመቱ ኪራይ ላይ እንዲጨምር ተፈቀደለት። ከነዳጁ ቀውስ በኋላ፣ በ1978፣ ኃይል ቆጣቢ ሥራም በዚሁ ተካተተ፤ መጠኑም ወደ 11 በመቶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ንቅንቅ አላለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለ60 ካሬ ሜትር ቤት 30,000 ዩሮ ወጣ እንበል። በ11 በመቶ የወሩ ጭማሪ 275 ዩሮ ይሆናል። በዘጠኝ ዓመት ግድም የአከራዩ ገንዘብ ተመልሷል፤ ጭማሪው ግን በሃያኛውም ዓመት አለ። ሕጉ የሚቆጥረው የወጣውን ገንዘብ ነው፤ የተረፈውን ጋዝ አይጠይቅም። ጥፋቱ ከመጀመሪያው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

እድሳት ነባር ተከራይን ማስለቀቂያ ሆነ የሚለው ስሞታ ሲበዛ፣ በ2019 መጠኑ 8 በመቶ ሆነ። በስድስት ዓመት ውስጥ በካሬ ሜትር ከ3 ዩሮ፣ ኪራዩ በካሬ ሜትር ከ7 ዩሮ በታች ለሆነ ቤት ደግሞ ከ2 ዩሮ በላይ መጨመር ተከለከለ። የኛው ምሳሌ ቤት 180 ወይም 120 ዩሮ ላይ ይቆማል። ሆን ብሎ በእድሳት ያስለቀቀ እስከ 100,000 ዩሮ ይቀጣል፤ ሐሳቡን ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም።

ዋናው ፍልሚያ አከራዩ እድሳቱን በሚያሳውቅበት ደብዳቤ ላይ ነው። ሥራው ሊጀመር ቢያንስ ሦስት ወር ሲቀረው ይደርሳል። የበሰበሰ መስኮት ድሮም መጠገን ነበረበትና የጥገናው ድርሻ ከሂሳቡ መቀነስ አለበት፤ ተከራይ ካልጠየቀ ግን ማን ይቀንስለታል? ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ደግሞ ደብዳቤው ከደረሰበት ወር ቀጥሎ እስካለው ወር ማብቂያ ድረስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የቢሮ ጀርመንኛ ለሚከብደው ሰው ቀኑ ሳያውቀው ያልፋል።

በ2023 አዲስ መንገድ ተሞከረ፦ በማሞቂያ ነዳጅ ላይ የሚጣለው የካርቦን ክፍያ እንደ ሕንፃው ብክነት በአሥር ደረጃ በአከራይና በተከራይ መካከል ይከፋፈላል። እጅግ አባካኝ በሆነው ቤት 95 በመቶው የአከራዩ ነው። በመጨረሻ መቆጠር ያለበት ነገር ተቆጠረ። ይሁንና የካርቦን ክፍያው ከማሞቂያው ሂሳብ ትንሹ ክፍል ነው፤ የጋዙን ዋጋ ዛሬም የሚከፍለው ተከራዩ ነው።