ከእንቆቆ እስከ ማንጎ፦ የፍራፍሬ ማሟያ ለአንጀት ብግነት እንዴት ይፈተን?

እንቆቆ ፍሬ ነው። ደርቆና ተወቅጦ፣ በጠላ ወይም በውኃ ተበጥብጦ፣ የኮሶ ትል ለማስወጣት በባዶ ሆድ ይጠጣል። የኮሶ ትሉ ከወጣ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ካልወጣ አልሠራም። ፍርዱ ሳይውል ሳያድር ይታወቃል፤ ፈራጁም ታማሚው ራሱ ነው። የአንጀት ብግነት በሽታዎች፣ ማለትም ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይቲስ፣ እንዲህ ላለው ፍርድ አይመቹም። ያለ ግልጽ ሰበብ ይነሣሉ፤ ሳይታከሙም ለወራት ሊበርዱ ይችላሉ። በአልሰራቲቭ ኮላይቲስ ሙከራዎች ማስመሰያ (መድኃኒትነት የሌለው ነገር) ብቻ ከወሰዱት ሕሙማን ሲሶ ያህሉ መሻሻል ያሳያሉ። ስለዚህ «ጠጥቼ ተሻለኝ» የሚለው ቃል ለእንቆቆ በቂ ምስክር ቢሆንም ለማንጎ ወይም ለሮማን ጭማቂ ምስክር አይሆንም።

ፍራፍሬ ለአንጀት ብግነት ይጠቅም እንደሆነ ለማየት እስካሁን ከወጡት ጥናቶች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ቴክሳስ ውስጥ በተደረገ አንድ ጥናት ሕሙማን ከተለመደው መድኃኒታቸው ጋር በቀን ከ200 እስከ 400 ግራም ማንጎ ለ8 ሳምንት በሉ፤ የሕመም ምልክታቸውና አንዳንድ የብግነት አመልካቾች ቀነሱ። የጨረሱት ግን 10 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የዙሪክ ጥናትም በ13 ሕሙማን ላይ ቢልቤሪ የተባለውን ፍሬ ያለ ማነጻጸሪያ ነው የሞከረው። ያም ሆኖ አንድ ነገሩ ልብ ይስባል፦ ፍሬው ሲቋረጥ በሰገራ ውስጥ ያለው ካልፕሮቴክቲን እንደገና ከፍ አለ። ካልፕሮቴክቲን ከነጭ የደም ሴሎች የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ታማሚው ተሻለኝ ቢልም ባይልም የአንጀቱን ብግነት ያሳያል።

ጥንቃቄ የተሞላበት ሙከራ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታልና አጠገቡ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ይገኛሉ። አለርት ውስጥ የሥጋ ደዌ ሪአክሽን በሚባለው ብግነት የተያዙ 73 ሕሙማን በዕጣ ተመድበው፣ ሐኪሙም ታማሚውም የትኛው እንደተሰጠ ሳያውቁ፣ ሳይክሎስፖሪን ከፕሬድኒሶሎን ጋር ተነጻጽሯል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ሁለቱም መድኃኒቶች ለጠና አልሰራቲቭ ኮላይቲስም ይታዘዛሉ። ለማንጎ ዱቄት የሚያስፈልገው ሥርዓት ከዚህ አያንስም፤ እንዲያውም ጣዕምና ቀለም ያለውን ነገር አስመስሎ መሥራት ከክኒን ይከብዳል። ማስመሰያው በስኳርም በአሰርም ከፍሬው ጋር ካልተመጣጠነ የሚለካው የስኳሩ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ከፍሬው በፊት ግን የሕመሙ ምንነት በትክክል መታወቅ አለበት። የአንጀት ቲቢ በኮሎኖስኮፒም ሆነ በናሙና ምርመራ ክሮንስን ይመስላል፤ አሜባም አልሰራቲቭ ኮላይቲስን። ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል፦ አሜባ ላለበት ሰው ስቴሮይድ ቢሰጥ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። የሆድ ትላትልም ውጤቱን ሊያዛቡ ይችላሉ። አይዋ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሙከራ 54 የአልሰራቲቭ ኮላይቲስ ሕሙማን ተካፍለው፣ የአሳማ ትል እንቁላል ከጠጡት 43 በመቶ፣ ማስመሰያ ከጠጡት 17 በመቶ ያህሉ ተሻላቸው። (እኛ በእንቆቆ ስናስወጣ እነሱ ያስገባሉ!) በኋላ በክሮንስ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ግን አልተሳኩም። ለማንኛውም የሰገራ ምርመራ ከምዝገባ በፊት ግዴታ ነው።

«ፍራፍሬ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ይሁንና ግሬፕፍሩት የሳይክሎስፖሪንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። አንጀቱ በክሮንስ ለጠበበ ሰው አሰር የበዛበት ፍሬ መዘጋትን ሊያስከትል ይችላል። ማሟያው ሰልፋሳላዚንንም ሆነ ሌላ የታዘዘ መድኃኒትን ተክቶ ሊሰጥ አይገባም።

አጥኚ በቀላሉ የሚዘነጋው ጾምን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከቴክሳሱ 8 ሳምንት የሚያንሰው በአንድ ቀን ብቻ። በዚያ ወቅት ሥጋና ወተት ይቀራሉ፣ የመብያው ሰዓት ይዘገያል፤ ሙስሊሙ ብዙ በሆነበት ኮልፌ ደግሞ ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል። የመጀመሪያው ናሙና በቅበላ፣ የመጨረሻው በፋሲካ ማግስት ቢወሰድ፣ ማነጻጸሪያ ቡድን በሌለበት ማንጎውን ከሽሮው የሚለይ አይኖርም። ስለዚህ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ሰሞን ጀምረው በአንድ ሰሞን መጨረስ አለባቸው፤ የዕጣው ምደባም ጾመኛውን ከማይጾመው ለይቶ በእኩል ማከፋፈል አለበት።