ከጋፋት የወጡ ተማሪዎች

የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚወሳው የመሥራቾቹ ስም ነው፤ ተማሪዎቹ ግን በጅምላ «ደቀ መዛሙርት» ተብለው ይታለፋሉ። በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው የጋፋት ኮረብታም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ የሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ስም በየመጽሐፉ ተመዝግቧል። ወናፍ ያናፋው፣ ጭቃ ያቦካው፣ ከሰል ያከሰለው የበጌምድር ሰው ግን ስሙ አልተረፈለትም።

ጋፋት የውጭ መምህርና ኢትዮጵያዊ ተማሪ የተገናኙበት የመጀመሪያ ስፍራ አልነበረም። ከኢየሱሳውያን ማኅበር የሆነው እስፓኛዊው ጴድሮ ፓኤዝ በ1603 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በአድዋ አቅራቢያ በምትገኘው በፍሬሞና ሕፃናትን ያስተምር ጀመር። በማግሥቱ ዓመት ዐፄ ዘድንግል ሲያስጠሩት ብቻውን አልሄደም፤ ተማሪዎቹን አስከትሎ ቀረበ። ንጉሡን ያስደነቃቸው የመምህሩ ንግግር ብቻ ሳይሆን የልጆቹ አመላለስ ጭምር እንደ ነበረ ይተረካል። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡን እንደ ገና ላጥምቅ፣ ሥርዓቱን ልለውጥ ቢል አገር ታወከ። መልክአ ክርስቶስ በላስታ ያስነሣው ዐመፅ ወደ በጌምድር ደጋ ዘለቀ። በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት በዐዋጅ ተመለሰ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን አስወጡ።

መምህራኑ ሲባረሩ ከእነርሱ ጋር የዋሉት ኢትዮጵያውያን ምን ሆኑ? የአንዱ ታሪክ ደኅና ሆኖ ተጽፏል። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ለቀው ሮማ ደረሱ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ እዚያ አገኛቸው፤ በ1652ም ጎታ ወደሚባለው የጀርመን ከተማ ተጠርተው ሄዱ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ትልቅ ድርሻቸው የእኒህ መነኩሴ ቃል ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞቱ። የአገራቸው ዕውቀት በባዕድ ከተማ መጽሐፍ ሆነ፤ እርሳቸው የአገራቸውን መሬት ዳግመኛ አልረገጡም።

የጋፋቱ ዘመን የመጣው ከዚህ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በሌላ ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። በስዊስ፣ ባዝል አጠገብ ያለው የቅድስት ክሪሾና ማኅበር ፕሮቴስታንት ነበር። የሚልካቸውም ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር የያዙ ተራ ሰዎች ነበሩ። ዮሐን ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስን አነጋገሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ባለሙያ ከሆኑ ይምጡ አሉ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ቀድመው ገቡ፤ ዋልድማየርና ሳልሙለር ተከተሉ። በጋፋት መኖሪያና የሥራ ቤት ተሰጣቸው። ልጆች ሰብስበው ፊደልና መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምሩ ጀመር። ቴዎድሮስ የሚፈልጉት ግን መድፍ ነበር። ከመጡት መካከል መድፍ ማቅለጥ የተማረ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎችም ከሸፉ። ከብዙ ድካም በኋላ ግን ተሳካ።

ከዚህ ላይ የነገሩ ሥር ይገኛል። መንግሥት ከመምህሩ እጁን ፈለገ፤ መምህሩ ከተማሪው ልቡን ፈለገ። ተማሪው በሁለቱ መካከል ዋለ። በጋፋት የተገኘው ሙያ የንጉሡ ሥልጣን ከጸና ይጸናል፣ ከወደቀ ይወድቃል። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ በየገደሉ እየተቆረጠ አምስት ወር ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ በ1868) ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሲሠዉ ጋፋት ባዶ ነበር። ሠራተኞቹ ተበተኑ፤ ሙያቸውን የሚቀጥል ሌላ ምድጃ አልተተከለላቸውም። ዋልድማየር በአንጻሩ ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ በ1873 በብሩማና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ቆይቶም ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። የብሩማናው ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል። ለደብረ ታቦር የታሰበው ፍሬ በሊባኖስ ተራራ ላይ በቀለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስማቸው የተረፈው የዚያ ዘመን ተማሪዎች ሚሲዮናውያኑ ወደ ውጭ የላኳቸው ናቸው። በፍላድ እጅ ያደጉት ሚካኤል አረጋዊ በቅድስት ክሪሾና ተምረው ተመለሱ፤ የውጭ ሰዎች እንዳይገቡ በተከለከለበት ጊዜ በቤተ እስራኤል መካከል የነበረውን ሚሲዮን ለብዙ ዓመታት መሩ። አውሮፓውያን «ጎባው ደስታ» እያሉ የሚጠሯቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ደግሞ ከጎንደር ምድር በልጅነታቸው በዚያው ቤት ሚሲዮናውያን እጅ ገብተው፣ ኢየሩሳሌምንና ስዊስን አይተው ተመለሱ። የእሳቸው ሕይወት ከሚካኤል መንገድ ፈጽሞ የተለየ ሆነ፤ ከሰባኪነት ይልቅ ለመንግሥት አገልግሎት ተመረጡ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የጎንደር ከንቲባ ሆኑ፤ በ1919 ከደጃዝማች ናደውና ከኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ወደ አሜሪካ ከተላከው መልእክት አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ስንዱ ገብሩ በስዊስ ተምረው፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ አሲናራ ደሴት ታሥረው፣ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ፤ በ1957ም ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

በስንዱ ዘመን ኢየሱሳውያንም ተመልሰው ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1945 ለካናዳ ኢየሱሳውያን አደራ ሰጡ። የሱስንዮስ ዘመን አልተረሳምና ውሉ ጥብቅ ነበር፦ ማስተማር እንጂ መስበክ የለም፤ ቀሚስ ሳይለብሱ በሲቪል ልብስ ይቁሙ። አባ ሉሲየን ማት በዚህ ውል ትምህርት ቤቱን መሩ፤ በ1950 የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም እርሳቸው አቋቋሙ። ቀደም ሲል መምህራኑና ንጉሡ ሳይስማሙበት የቀረው ነገር አሁን አስቀድሞ በውል ተቆረጠ። ከክፍለ ሀገር እየመጣ አዳሪ ሆኖ የተማረው ወጣት ሃይማኖቱን አልተጠየቀም፤ ሲመረቅም እንደ አባ ጎርጎርዮስ ባሕር መሻገር ሳያስፈልገው በአገሩ መሥሪያ ቤት ወንበር አገኘ።

ሴባስቶፖል ከመቅደላ አልወረደም፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ያቀለጡት የበጌምድር ሰዎች የልጅ ልጆች በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ሳይኖሩ አይቀሩም፤ የአያቶቻቸውን ስም እስካሁን የጠየቃቸው ግን ብዙ አይደለም።